ከጉሮሮ ሕመም እስከ ልብ ቀዶ ሕክምና፦ የፕሮፌሰር ሰር መግዲ ያዕቆብ የሥራ ዘመንና ለምዕራብ ጎጃም የጤና ባለሙያ ያለው ትምህርት

መግቢያ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ጉሮሮውን ያመመው ሕፃን ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም አይመጣም። «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ የሚወሰድ አለ፤ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይደረግለት በሳምንቱ ድኖ ወደ ከብት ጥበቃው ይመለሳል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ሲያመው ሕመሙ ቁርጥማት ይባላል፤ ይህም በራሱ ጊዜ ይለቃል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው ልጅ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፣ ተጋድሞ መተንፈስ ይሳነዋል፣ እግሩ ያብጣል። ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ደርሶ ልቡ ሲደመጥ ቫልቮቹ ከተበላሹ ቆይተዋል።

ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ በሽታ በሁለት ጫፎቹ እጅግ የተራራቁ ሁለት ሕክምናዎች አሉት። በአንደኛው ጫፍ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ርካሽ የፔኒሲሊን መርፌ፣ በሌላው ጫፍ ደረት ተከፍቶ፣ ልብ ቆሞ፣ የደም ዝውውሩን መሣሪያ ተረክቦ የሚከናወን ቀዶ ሕክምና ይገኛል። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት በሥራ ዘመናቸው ካሳዩ ሰዎች አንዱ ግብፃዊ እንግሊዛዊው የልብ ቀዶ ሐኪምና ተመራማሪ ፕሮፌሰር ሰር መግዲ ያዕቆብ ናቸው። ከጎጃም ሰከላ የሚነሳው ዓባይ በሚያልፍበት በአስዋን ከተማ የልብ ማዕከል ያቋቋሙ፣ በመሠረቱት ድርጅት አማካይነትም ለአዲስ አበባው የልብ ማዕከል ድጋፍ ያደረጉ በመሆናቸው ታሪካቸው ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልብ ቀዶ ሕክምና የተወለደበት በሽታ

እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ልብ የቀዶ ሐኪም ቢላዋ ሊነካው የማይገባ አካል ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በ1896 ጀርመናዊው ሉድቪግ ሬን በፍራንክፈርት በስለት የተወጋ ልብ ሰፍቶ ሕመምተኛውን ሲያድን ይህ እምነት ተናጋ። ይሁን እንጂ የልብን ውስጣዊ በሽታ በቀዶ ለማከም የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ያነጣጠረው በዛሬው የገጠር ሐኪም ዘንድ በሚገባ በሚታወቀው ችግር፣ በሩማቲክ ትኩሳት ሳቢያ በጠበበው ሚትራል ቫልቭ ላይ ነበር። በ1923 ኤሊየት ካትለር በቦስተን፣ በ1925 ደግሞ ሄንሪ ሱታር በለንደን ቫልቩን ለማስፋት ሞከሩ። ሱታር ጣቱን በልብ ውስጥ አስገብቶ ቫልቩን በዳሰሳ ለየ፤ ሕመምተኛዋም ተረፈች። ነገር ግን በዘመኑ የነበሩ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች የበሽታው ምክንያት የልብ ጡንቻ እንጂ ቫልቩ አይደለም ብለው ያምኑ ስለነበር ሁለተኛ ሕመምተኛ ሳይልኩለት ቀሩ። ሥራው እንደገና የተጀመረው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1948 በቻርልስ ቤይሊ፣ በድዋይት ሃርከንና በራስል ብሮክ እጅ ነው። በ1953 ጆን ጊበን የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ተጠቅሞ የተሳካ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ በ1960 ደግሞ ሰው ሠራሽ ቫልቭ በሥራ ላይ ዋለ።

በእነዚሁ ዓመታት በበሽታው ሌላኛው ጫፍ ብዙ ያልተዘመረለት ሥራ ይካሄድ ነበር። በ1950 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት በሚገኝ የጦር ሠፈር በወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣን የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ማከም ሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አረጋገጠ። ብዙም ሳይቆይ በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መጣ። የኑሮ፣ የመኖሪያ ቤትና የሕክምና አገልግሎት መሻሻል ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ በበለጸጉት አገሮች በሽታውን ወደ መጥፋት አደረሰው። ከዚህ በኋላ በሽታው የወለደው ቀዶ ሕክምና ፊቱን ወደ ሌሎች የልብ ችግሮች አዞረ፤ በሽታው ግን በድሆች አገሮች ቀረ። የሰር መግዲ የሥራ ዘመን ትርጉም የሚገባው ከዚህ አንፃር ሲታይ ነው።

ከቢልቤይስ እስከ ሄርፊልድ

መግዲ ያዕቆብ ኅዳር 1935 በግብፅ ቢልቤይስ ከተማ ከኮፕት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ሰር መግዲ በተለያዩ ጊዜያት እንደተናገሩት የልብ ሐኪም ለመሆን የወሰኑት በሕፃንነታቸው ነው፤ ምክንያቱም የአባታቸው ታናሽ እህት በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜዋ፣ በሚትራል ቫልቭ ጥበት ሳቢያ፣ በወሊድ ጊዜ ሕይወቷ ማለፉ ነበር። በሌላ አገር ቢሆን ቫልቩን ማስፋት ይቻል እንደነበር መስማታቸው በልባቸው ቀረ። ወጣት እናት በወሊድ ላይ ሳለች ሳንባዋ በውኃ ተሞልቶ የምትሞትበት ይህ ሁኔታ በአሥራዎቹ ዕድሜ በሚዳሩ ልጃገረዶች ምድር፣ በጎጃም ገጠር ለሠራ አዋላጅ ነርስ ባዕድ ታሪክ አይደለም።

በ1957 ከካይሮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ብሪታንያ ሄዱ። በለንደን ብሔራዊ የልብ ሆስፒታል ከዶናልድ ሮስ ጋር ሠሩ። ሮስ በ1967 የሕመምተኛውን የራሱን የሳንባ ደም ቧንቧ ቫልቭ አውጥቶ በታመመው የአዎርታ ቫልቭ ቦታ የመተካትን ቀዶ ሕክምና ያስተዋወቀ ሐኪም ነው፤ ይህ ዘዴ በተማሪውም የምርምር ሕይወት ውስጥ ትልቅ ቦታ ይዞ ቆይቷል። መግዲ ያዕቆብ በ1968 ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አቅንተው ካስተማሩ በኋላ በ1969 ሄርፊልድ በተባለ፣ ከለንደን ዳርቻ ባለ መንደር በሚገኝ ሆስፒታል ተቀጠሩ። ሄርፊልድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ የአውስትራሊያ ወታደሮች የታከሙበት፣ ኋላም የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ የነበረ ተቋም ነው። ከታላላቆቹ የለንደን ሆስፒታሎች ጋር ሲነጻጸር የገጠር ሆስፒታል ሊባል ይችላል። ከዓመታት በኋላ ግን በዓለም ላይ ብዙ የልብ ንቅለ ተከላ ከሚደረግባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን ታኅሣሥ 1967 የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ሕመምተኛው የኖረው 18 ቀናት ብቻ ነበር። ተመሳሳይ ውጤቶች በየአገሩ ስለተከተሉ ብዙዎቹ ማዕከላት ሥራውን አቆሙ። በሄርፊልድ የተጀመረው በ1980 ነው። በዚያው ዓመት ልብ የተተካለት ደሪክ ሞሪስ እስከ 2005 ኖረ፤ በ1982 የተተካለት ጆን ማካፈርቲ ደግሞ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በላይ በሌላ ሰው ልብ ኖሮ በ2016 አረፈ። በ1983 የልብና የሳንባ ጥምር ንቅለ ተከላ ተደረገ። መንገዱ ሁሉ ግን የድል አልነበረም። በ1984 ከተወለደች አሥር ቀን ያህል ለሆናት ሕፃን የተደረገው ንቅለ ተከላ ሕይወቷን ያራዘመው ከሦስት ሳምንት ላነሰ ጊዜ ነው፤ በጊዜውም ድርጊቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

ከቀዶ ክፍል ወደ ቤተ ሙከራ

ሰር መግዲን ከብዙ ጎበዝ ቀዶ ሐኪሞች የሚለያቸው በቀዶ ክፍል ያጋጠማቸውን ጥያቄ ወደ ቤተ ሙከራ ይዘው መሄዳቸው ነው። በ1986 በለንደን ብሔራዊ የልብና የሳንባ ተቋም ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1999 የሮያል ሶሳይቲ አባልነትን አገኙ። ለመተካት የሚገኘው ልብ ከፈላጊው ቁጥር ጋር ፈጽሞ እንደማይመጣጠን ተረድተው የታመመ ልብ ራሱ ሊያገግም ይችላል ወይ? ሲሉ ጠየቁ። በ2006 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት ለከባድ ልብ ድካም ደም የሚገፋ መሣሪያ ከተገጠመላቸውና ከመሣሪያው ጎን ልዩ የመድኃኒት ሕክምና ከተሰጣቸው 15 ሕሙማን መካከል በ11ዱ መሣሪያውን ለማውጣት የሚያስችል ማገገም መታየቱን አሳየ። ደካማ ልብ ወደኋላ አይመለስም የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በዚህ ተፈተነ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቫልቭ ነበር። ብረታማ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን መውሰድና የደሙን የመርጋት መጠን በየጊዜው መመርመር ይኖርበታል። ከእንስሳ ኅብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ ይህን አይጠይቅም፤ በወጣቶች ላይ ግን ቶሎ ያረጃል። በ2010 ሰር መግዲና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት፣ በ216 አዋቂ ሕሙማን ላይ የተደረገ ንጽጽራዊ ጥናት በራስ ቫልቭ የመተካቱን የሮስን ዘዴ ከሞተ ሰው በተወሰደ ቫልቭ ከመተካት ጋር አወዳደረ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት በመጀመሪያው ክፍል 97 በመቶ፣ በሁለተኛው 83 በመቶ ነበሩ። ሕያው የሆነ ቫልቭ ከማይኖርበት እንደሚሻል ከዚህ ድምዳሜ ላይ ደረሱ፤ ከሰው ሕዋስ ቫልቭ የማሳደግ ምርምራቸውም ከዚሁ የመነጨ ነው።

የሮስ ዘዴ ለአዎርታ ቫልቭ የተወሰነ ሲሆን በሩማቲክ ሕመም አብዝቶ የሚጠቃው ሚትራል ነው። ሆኖም ጥያቄው ለገጠሩ ሕመምተኛ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ብረታማ ቫልቭ ተገጥሞላት ወደ ቡሬ ገጠር የምትመለስ የሃያ ዓመት ሴት ዋርፋሪኑን ሳታቋርጥ ማግኘት፣ የደም ምርመራውን የሚሠራ ላቦራቶሪ መፈለግ፣ ስታረግዝም ከመድኃኒቱ ለፅንሱ ከሚመጣው አደጋና ከመድኃኒቱ መቋረጥ ከሚመጣው የደም መርጋት መካከል መሻገር አለባት። በዚህ ሁኔታ የተሳካ ቀዶ ሕክምና የሕመሙ መጨረሻ ሳይሆን የሌላ ክትትል መጀመሪያ ይሆናል።

ሕክምናውን ወደ ሕመምተኛው ማምጣት

ሰር መግዲ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቼይን ኦፍ ሆፕ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። የመጀመሪያው አሠራር የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ከድሃ አገሮች ወደ ብሪታንያ ወስዶ ማከም ነበር። ይህ ለእያንዳንዱ ልጅ ሕይወት ቢሆንም ለአገሩ የሚያስቀረው ሙያ አልነበረም። በመሆኑም ሥራው ቡድኖችን ወደ አገሮቹ ወደ መላክና የአገሩን ባለሙያዎች ወደ ማሠልጠን ተሸጋገረ። በ2001 በሞዛምቢክ ማፑቶ የተከፈተው የልብ ተቋም ከድርጅቱ አጋሮች አንዱ ሆነ። በ2009 በአስዋን የተከፈተው ማዕከል ደግሞ ሕሙማንን ያለ ክፍያ እያከመ ምርምርንና ሥልጠናን በአንድነት ይዟል። ማዕከሉ በዋና ከተማዋ በካይሮ ሳይሆን አገልግሎት ባነሰበት በላይኛው ግብፅ እንዲሆን መመረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጉዞ ታይቷል። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን በ1989 ሲመሠርቱ በአገር ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያገኙበት ማዕከል ስላልነበረ ሕፃናቱ ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ከሃያ ዓመት ጥረት በኋላ በ2009 በአዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ከደጋፊዎቹ መካከልም ቼይን ኦፍ ሆፕ ይገኝበታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀዶ ሕክምናው በእጅጉ የተመሠረተው ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች ላይ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች፣ ነርሶችና የልብ-ሳንባ መሣሪያ ባለሙያዎች ራሳቸውን ችለው መሥራት ጀመሩ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ሆኖም ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ቁጥር በሺዎች ሲቆጠር ቆይቷል። ማዕከሉ አዲስ ሕመምተኛ በሚፈጠርበት ፍጥነት ሊያክም አይችልም፤ የትኛውም ማዕከል አይችልም።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መንገድ ላይ

ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቡሬ ደግሞ ከ400 በላይ። ሕመምተኛው በደምበጫና በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ይደርሳል። ወላጅ የእርሻ ወቅት ይስተጓጎልበታል፣ ለመጓጓዣና ለማደሪያ ከብት ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላም ቀጠሮ ይሰጠዋል። ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል። ይህን መንገድ ሊያስቀር የሚችለው ሥራ የሚጀመረው በመንገዱ መነሻ፣ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ነው።

የችግሩ ስፋት በጥናት ይታወቃል። በ2015 በታተመ ጥናት በጅማ ያለ ምንም ምልክት በትምህርት ላይ የነበሩ 2000 ተማሪዎች በአልትራሳውንድ ሲመረመሩ ከሺህ 30.5 ያህሉ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት ተገኝቶባቸዋል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ14 አገሮች 3343 ሕሙማንን ያካተተው ትልቅ ጥናት ደግሞ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 28 ዓመት፣ ከሦስቱም ሁለቱ ሴቶች መሆናቸውን አሳየ። የመከላከያ ፔኒሲሊን በመውሰድ ላይ የነበሩት 55 በመቶ ብቻ ሲሆኑ በመውለድ ዕድሜ ካሉት ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙት 4 በመቶ እንኳ አልሞሉም። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ 16.9 በመቶዎቹ ሞቱ። ሰር መግዲን ወደ ሕክምና የመራቸው ሞት ከሰማንያ ዓመት በኋላም በብዙ ቤተሰብ ውስጥ እየተደገመ ነው ማለት ነው።

በአንጻሩ መርፌው እንደሚሠራ የሚያሳየው ማስረጃ ጠንክሯል። በኡጋንዳ በ818 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ተደርጎ በ2021 ይፋ የሆነው ጥናት በሽታው ገና ምልክት ሳያሳይ በአልትራሳውንድ የተገኘባቸውን በሁለት ክፍል መድቦ ተከታተለ። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከወሰዱት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው የባሰባቸው 3 ብቻ ሲሆኑ ካልወሰዱት መካከል 33 ነበሩ።

ከዚህ ታሪክና ከነዚህ ጥናቶች በመነሣት በወረዳ ደረጃ ለሚሠራ ባለሙያ የሚከተሉት ነጥቦች ጎልተው ይወጣሉ። በመጀመሪያ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ልጅ ላይ የታየ የስትሬፕቶኮከስ ጉሮሮ ሕመም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ከታከመ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል፤ ስለዚህ «እንጥሉ ወርዷል» የሚል ወላጅ ሊወቀስ ሳይሆን ልጁ ሊመረመርለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዘዋወር ሕመምና ትኩሳት ያለበት ልጅ ሕመሙ ቢለቀውም ልቡ ሳይደመጥ መሰናበት የለበትም። ሦስተኛ፣ መርፌ የተጀመረለት ልጅ ስምና ቀጠሮ በመዝገብ ተይዞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሲቀር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ድረስ ልትጠይቀው ይገባል። አራተኛ፣ በትንፋሽ ማጠር የምትመጣ ነፍሰ ጡር ሁሉ የደም ማነስ አለባት ብቻ ተብላ መመለስ የለባትም። የልብ ሕመም እንዳለባት የታወቀች ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ምክር ልታገኝ ይገባል።

ስለ መርፌው ያለው ፍርሃትም በግልጽ ሊነሣ ይገባዋል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንደተወጉ የሞቱ ሕሙማን ወሬ ብዙ ባለሙያዎችን አስፈርቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ያወጣው ምክር ይህን ጉዳይ መርምሮ ከእነዚህ ሞቶች አንዳንዶቹ የመድኃኒት አለርጂ ሳይሆኑ አስቀድሞ ልባቸው እጅግ በተጎዳ ሕሙማን ላይ የደረሰ የደም ዝውውር ውድቀት ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። በመሆኑም ከባድ የቫልቭ ጥበት ወይም ከባድ ልብ ድካም ላለባቸው በአፍ የሚወሰድ መከላከያ እንዲመረጥ፣ ለሌሎቹ ግን መርፌው እንዲቀጥል ይመክራል። ሕመምተኛው ጠግቦና ውኃ ጠጥቶ፣ ተጋድሞ እንዲወጋ፣ ከተወጋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ፣ አድሬናሊንም በእጅ እንዲኖር ማረጋገጥ ፍርሃቱን በጥንቃቄ ይተካል።

ማጠቃለያ

በየካቲት 2015 በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኅብረት የተሰበሰቡ የልብ ባለሙያዎች በሽታውን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት የሚረዱ ሰባት ዋና ተግባራትን የያዘ መግለጫ አወጡ። በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ሩማቲክ ትኩሳትና የልብ ሕመም ውሳኔ አሳለፈ። በአዲስ አበባው መግለጫ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ማዕከላት ማስፋፋትና የፔኒሲሊን አቅርቦት ጎን ለጎን ሰፍረዋል። ይህ ማጣመር የሰር መግዲ ያዕቆብም የሥራ ዘመን ያረጋገጠው ነው። ልብን ከሰው ወደ ሰው ማሸጋገር የቻለ እጅ በስተመጨረሻ የተመለሰው በልጅነቱ ወዳየው በሽታ፣ ሕሙማኑ ወደሚገኙበትም ስፍራ ነው።

ለአዲስ አበባው ማዕከል ወረፋ መርዘም ኃላፊነቱ የቀዶ ሐኪሞች ብቻ አይደለም። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የሚሠራ ባለሙያ በመዝገቡ ላይ ካሉት ሕፃናት መካከል የዚህ ወር መርፌያቸው ያመለጣቸው እነማን እንደሆኑ ለይቶ ቢያስፈልጋቸው፣ ከወረፋው የሚቀነሱትን ስሞች ቁጥር ከማንኛውም የቀዶ ክፍል በበለጠ ሊወስን ይችላል።